የእናቴን አቮካዶ ላዳነልን ልጅ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሐዋሳ ውስጥ ግቢያችሁ አቮካዶ ወይም ማንጎ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

አቶቴ ሰፈር፣ እናቴ ግቢ ያለው አቮካዶ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው። ከጣሪያው አልፎ ሄዶ ነበር። ፍሬው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ፣ ማንም የማይደርስበት። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ዷ! ሲል እናቴ በድንጋጤ ትነሳለች። ግፊት አለባት።

መጀመሪያ ያመጣነው ሰውዬ መጥረቢያ ይዞ መጣና ግማሽ ቀን ሳይሞላ አናቱን ገምሶት ሄደ። እናቴ የዛን ቀን ምሳ አልበላችም። ዛፉ ከዛ በኋላ እንደ መጥረጊያ ቀጥ ቀጥ ያለ ቀንበጥ እያወጣ ተመልሶ ጣሪያውን አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ፍሬ የለም! ሌላው ደግሞ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ስም አልጠራም፤ ግን እስካሁን አንጀቴ ያራል።

ይሄን ልጅ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መጥቶ ወዲያው መጋዝ አላነሳም። ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየው። ከእናቴ ጋር ቡና ጠጣ፤ መቼ እንደሚያብብ፣ መቼ እንደሚለቀም ጠየቃት። ከዛ በረኪና በውሃ በጥብጦ መጋዙን በጨርቅ ወለወለ። «ምን እያደረግህ ነው ልጄ?» ስትለው፣ «ከሌላ ግቢ በሽታ ይዤብዎት እንዳልመጣ ነው እማማ» አላት። እናቴ በዚችው ተሸነፈች።

«ዘንድሮ ሲሶውን ብቻ ነው የምቆርጠው። በአንድ ጊዜ ከቆረጥነው እንደገና ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው» አለን። የተቀበለውም የሲሶውን ብር ብቻ ነው። እኔ ሙሉውን አዘጋጅቼ ነበር እኮ! ፀሐይ እንዳያቃጥለው ብሎ የተገለጠውን ግንድ ኖራ ቀባው። ሌላም ብዙ አስረድቶኛል፤ አልያዝኩትም።

ከወር በኋላ ማንም ሳይጠራው መጣ። አዲስ የበቀሉትን ቀንበጦች አንድ በአንድ እያየ ገሚሱን በጣቱ ቀነጠሰ። ሳንቲም አልነካም። ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

ዘንድሮ 3ኛ ዓመቱ ነው። ዛፉ ዝቅ ብሏል፣ ውስጡ ፀሐይ ገብቶለታል። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ያለ መንጠቆ፣ መሬት ላይ ቆማ፣ በእጇ ለቀመች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ለጎረቤት ሁሉ በፌስታል በፌስታል ደረሰ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እናቴን እንዳከበርካት እግዚአብሔር ያክብርህ።

እናንተም አደራ፣ መጥረቢያ ለያዘ ሁሉ ዛፋችሁን አትስጡ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ብቻ ፍሬው እንደተለቀመ፣ አበባ ሳይጀምር ደውሉለት።