«በየትኛው አውሮፕላን?» ብላ ለምትጠይቀው ትኬት ቆራጭ ምስጋና

የጉዞ ፕሮግራማችንን የምታወጣልን የትኬት ቢሮ ሠራተኛ ከልብ የመነጨ ምስጋናችን ይድረሳት። ስሟ እንዲጠቀስ ስላልፈለገች አንጽፈውም፤ አሠራሯን ግን ሌላውም ተጓዥ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

በሁለት አነስተኛ ኤርፖርቶች መካከል ያለው ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስትጠየቅ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ቁጥር አንብባ አታልፍም። መጀመሪያ «በየትኛው አውሮፕላን?» ትላለች። የኢንተርኔት ማስሊያዎች ብዙ ጊዜ የጄት ፍጥነት ይይዛሉ፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ። አጭር መስመር ላይ የሚመደበው ግን በአብዛኛው ባለ ፕሮፔለር ነው፤ ኤቲአር 72 በሰዓት ወደ 500፣ ዳሽ 8-400 ወደ 650 ኪሎ ሜትር ይበራል። ስለዚህ 400 ኪሎ ሜትር በጄት ስሌት 30 ደቂቃ፣ በኤቲአር 48 ደቂቃ ይሆናል። ያውም ሽቅብ የሚወጣበትና የሚወርድበት ዝግ ያለ ፍጥነት ሳይታሰብ።

ርቀቱም ያታልላል። የሚጻፈው በምድር ገጽ ላይ ያለው አጭሩ መስመር ነው፤ አውሮፕላኑ ግን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ስለሚነሳና ስለሚያርፍ አንዳንዴ ከመድረሻው በተቃራኒ ተነስቶ ይዞራል። 30 ኪሎ ሜትር ጭማሪ በረጅም በረራ ማንም ልብ አይለውም፣ በአጭሩ ግን ይሰማል። መለኪያው ኖቲካል ማይል (በአየርና በባሕር ጉዞ የሚሠራበት ማይል) ከሆነ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። 216 ኖቲካል ማይልን እንደ ተራ ማይል በ1.609 ያባዛ ሰው 400 ኪሎ ሜትሩን 348 ያደርገዋል።

ነፋስን ስታስረዳ ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች። ኤቲአሩ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠመው ያው 400 ኪሎ ሜትር 53 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲመለስ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋው 44 ደቂቃ ይበቃዋል። የመሄጃውን ሰዓት በሁለት አባዝቶ ደርሶ መልስ ማለት አይሠራም።

ትኬቱ ላይ የሚታየው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ ማኮብኮቡም ወረፋውም አለበት። ለዚህ ነው 48 ደቂቃው ትኬት ላይ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሊሆን የሚችለው። የመነሻውም የመድረሻውም ሰዓት የሚጻፈው በየቦታው አቆጣጠር ነው፤ የሰዓት ልዩነት ካለ ዝም ብሎ መቀነስ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

ከሰዓት በኋላ ካለው በረራ ይልቅ የጠዋቱን የምትመርጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። አየሩ ሲሞቅ ይሳሳል፤ ኤርፖርቱ ከፍታ ላይ ከሆነና መንደርደሪያው ካጠረ አውሮፕላኑ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ ሻንጣም ለቀጣዩ በረራ ሊቀር ይችላል። የመንደርደሪያ መብራት የሌለው ኤርፖርት ላይ ደግሞ የአመሻሹ በረራ ትንሽ ከዘገየ ለነገ ያድራል።

ቀጣይ በረራ ካለ በሁለት የተለያየ ትኬት አትቆርጥም፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅም፣ ገንዘቡም ሊቀር ይችላል። የግድ ከሆነ ሻንጣ ወስዶ እንደገና የማስመዝገቢያ ጊዜ ትጨምራለች፤ የመመዝገቢያ መስኮቱ ከበረራው 30፣ አንዳንድ ቦታ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋልና።

እንዲህ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት። «አንድ ሰዓት ይፈጃል» ብቻ ከተባላችሁ ግን የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ ሰዓቱ ማኮብኮቡን መጨመር አለመጨመሩንና ቀጣዩ በረራ በዚያው ትኬት ላይ መሆን አለመሆኑን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።