ለልጄ የጌም ኮምፒውተር የገጠመልኝን ወንድም አመስግኑልኝ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ሥራው ኮምፒውተር መግጠም ነው። «ስሜን አያውጡት» ስላለኝ ስሙን እዚህ አላነሳም። ለሚፈልግ ሰው ግን አድራሻውን በደስታ እሰጣለሁ። የጌም ኮምፒውተር ለማሠራት አስባችሁ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እሱን አናግሩት። ከመግዛታችሁ በፊት ነው የምላችሁ። እኛ ያገኘነው ከተበላን በኋላ ነው። ያም ሆኖ ከጉድ አውጥቶናል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጌም ቅንጦት ይመስላል። «ለልጅ መጫወቻ ይህን ያህል ገንዘብ?» ያሉኝ ዘመዶች አሉ። እስቲ የእኛን ቤት ልንገራችሁ። ባለቤቴ የሚሠራው ከቤት ርቆ ነው። አብዛኛውን ዓመት አብሮን የለም። ልጃችን 15 ዓመቱ ነው። አባቱ በስልክ ሲያናግረው መልሱ «ደህና ነኝ»፣ «እሺ»፣ «ቻው» ነው። ኳስ ጌም አብረው ሲጫወቱ ግን ጨዋታቸው አያልቅም። ኳሱን እየተቀባበሉ ስለ ትምህርቱ ያወራሉ፣ ስለ ጓደኞቹ ያወራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ ስሰማቸው ባለቤቴ ቤት የገባ ይመስለኛል። የድሮው ላፕቶፕ ሲሞት ይህ ሁሉ ቀረ። ስለዚህ ከወር ወጪያችን ላይ እየቆነጠርን ማጠራቀም ጀመርን። ልጄም የራሱን ጨመረበት። ሲታይ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ከየት ከየት እንደተለቃቀመ የምናውቀው እኛ ነን።

እንግዲህ ያንን ይዘን የገባንበትን ጣጣ ስሙኝ። የማንንም ስም አልጠራም።

አንዱ ጋ ስንገባ ገና ከበሩ «ስንት ይዛችኋል?» ተባልን። ምን ልትጫወቱበት ነው የሚል የለ፣ ቤት ምን አላችሁ የሚል የለ። የያዝነውን ስንነግረው «በዚህማ ምንም አይሠራም» ብሎ ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሌላው ጋ ደግሞ ረዥም የዕቃ ዝርዝር ተጻፈልን። የሚያበራ ማራገቢያ፣ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ የመስታወት ኬዝ፣ 32 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ)፣ ምኑ ቅጡ። «ይሄኛው ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ «ይሄ ለእርስዎ የሚገባ ነገር አይደለም» አለኝ። በልጄ ፊት! ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ መጠየቅ ግን አልተፈቀደልኝም።

ከሁሉም የከፋው የሸጠልን ነው። ምላሱ ማር ነበር። «ኮር አይ7 ነው፣ ባለ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ አለው፣ የማይከፍተው ጌም የለም» አለን። ኮር አይ7 ያለው ፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አንጎል ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ የጌሙን ምስል ሠርቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ዕቃ ነው። ቤት ወስደን ከፈትነው። ጌሙ ይከፈታል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ድርቅ ይላል። አባቱ ወዲያ ማዶ «የት ጠፋህ?» ይላል፣ ልጁ ወዲህ ሊያለቅስ ይደርሳል። መልሰን ስንወስደው ጥፋቱ የጌሙ ነው ተባልን። ቆየት ብሎ ኢንተርኔታችሁ ነው ተባልን። ደግሞ ልጁ ቫይረስ አስገብቶበት ነው ተባልን። በመጨረሻ ስልካችንን ማንሳት ተወ። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። የገንዘቡ ነገር አንድ ነገር ነው። ልጄ «ተይው እማ፣ ጌም አልፈልግም» ሲለኝ ነው አንጀቴ የተቆረጠው።

ያኔ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለዚህ ልጅ የነገረችኝ። ልጅ የምለው ታናሽ ወንድሜን ስለሚያክል ነው። ኮምፒውተሩን ተሸክመን ሄድን። ተቀበለን፣ ወንበር ሰጠን፣ የኮምፒውተሩን ጎን ፈታ። ገና ምንም ሳይነካ የጀርባውን ዞር አድርጎ አየ። ከዚያ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያለችውን ሰማያዊ የገመድ መሰኪያ በጣቱ አሳየንና «ይህ ካርድ ምን ተብሎ ነው የተሸጠላችሁ?» አለ። ልጄ ነገረው፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ። «ትክክለኛው 1050 ቲአይ ይህች ሰማያዊ መሰኪያ የለችውም» አለ፣ ረጋ ብሎ። በኋላም በአንዲት ፕሮግራም ፈትሾ አረጋገጠልን። ለካ አሮጌ ካርድ ነው፣ ውስጡ ተነካክቶ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ኮምፒውተሩ ራሱ ሲጠየቅ 1050 ቲአይ ነው ብሎ ይመልሳል! 1050 ቲአይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እኛ የተሸከምነው ካርድ ውስጥ ያለው ቺፕ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ነበር።

አይ7 የተባለውንም አሳየን። ከአይ7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እንድናነብ አደረገን። 2600 ይላል። የመጀመሪያዋ 2 ሁለተኛ ትውልድ መሆኑን ነው የምትናገረው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ፕሮሰሰር ነው። «አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለውን ብቻ አይተው አይግዙ፣ ከኋላ ያለውን ቁጥር ይዩ። የቅርብ ጊዜ አይ3 ይህን አይ7 ጥሎት ይሄዳል» አለኝ። ይህችን ያዙልኝ። ማንም ሳይነግረኝ የኖርኩትን እሱ በአንድ አፍታ አስረዳኝ።

ስለሸጠልን ሰው ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ ስናደድ እንኳን «ምናልባት እሱም ተታልሎ ገዝቶት ይሆናል» ብቻ ነው ያለው። ኮምፒውተሩንም አትጣሉት አለን። የውሸቱን ካርድ አወጣው፣ ያለ ካርድ አስነሳው፣ አቧራውን ጠራረገው። «ለታናሽ እህቱ ለትምህርት ይሆናታል» አለ። ይኸው እስካሁን ትጽፍበታለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወረቀት አወጣ። ስንት ይዛችኋል አላለም። ወደ ልጄ ዞሮ፣ «ጎበዝ፣ ምን ምን ትጫወታለህ?» አለው። እኔን አልፎ ልጁን መጠየቁ ራሱ ደስ አለኝ። ልጄ መጀመሪያ አፈረ። ቀስ በቀስ ግን አፉ ተፈታ። ስለሚወዳቸው ጌሞች፣ ከአባቱ ጋር ስለሚጫወተው ኳስ፣ ሁሉን ነገረው። እሱም ሳያቋርጠው ሰማው። ቀጥሎ «ስክሪናችሁ የትኛው ነው?» አለ። ፎቶውን አሳየነው። «ይህ በሴኮንድ 60 ምስል ነው የሚያሳየው። ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ውድ ካርድ ብትከፍሉ ትርፉ አይታያችሁም። ስክሪኑ ደህና ነው፣ በሱ ቀጥሉ። ኪቦርዱና ማውሱም ይበቃሉ» አለን። ገና ምንም ሳንገዛ ወጪ አስቀረልን።

ያንን በሌላ ቦታ የተጻፈልንን ረዥም ዝርዝር አውጥቼ ሰጠሁት። እስክሪብቶ አነሳና መሰረዝ ጀመረ። የውሃ ማቀዝቀዣውን ሰረዘ። እሱ የመረጠልን ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600 ይባላል፤ ማቀዝቀዣው እዚያው ካርቶኑ ውስጥ አብሮት ይመጣል፣ ለሌላ ምን አስከፈላችሁ አለ። የሚያበሩትን ማራገቢያዎች ሰረዘ። ልጄ ቅር ሲለው አየና «መብራት በኋላም ይገዛል፣ ዛሬ ጉልበት እንግዛ» አለው። የመስታወት ኬዙን አየር በደንብ በሚያስገባ ተራ ኬዝ ቀየረው። ውዱን ማዘርቦርድ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ፣ በመካከለኛ ቀየረው። ራሙን ከ32 ጊጋ ወደ 16 አወረደው፤ እሱንም አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አደረገው። ለምን ሁለት እንደሚሻል ለሁለታችንም አስረድቶናል። ልጄ ይዞታል፣ እኔ ዝርዝሩን አልያዝኩትም። እኔ የማየው ድምሩን ነበር። በሰረዘ ቁጥር ይወርዳል። ሻጭ ሲደምር እንጂ ሲሰርዝ አይቼ አላውቅም። «ይህን ሁሉ ከሰረዝክ አንተ ምን ትጠቀማለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እናቴ፣ እርስዎ ደስ ካለዎት ሌላ ሰው ይልኩልኛል» አለ። ይኸው እየላክሁለት ነው።

የተረፈውን ገንዘብ ወሰደና ግራፊክስ ካርዱ ላይ አዋለው። አርኤክስ 6600 የሚባል፣ ባለ 8 ጊጋ። «ለጌም ዋናው ጉልበት ያለው እዚህ ነው። ገንዘብ ሲያንስ ከሌላው ቀንሰን ወደዚህ እናመጣለን» አለ። ያ ሁሉ ሰው ያልነገረን ይህንን ነው። ሌሎቹ ገንዘባችንን ሊበትኑት የነበረው በሚያብረቀርቀው ላይ ነበር።

አልቀንስም ያለው አንድ ነገር ነበር፤ ፓወር ሰፕላይ፣ ለዕቃዎቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው። እኔ ርካሹ አይሆንም ወይ አልኩ። ከመደርደሪያው ሁለት አውርዶ በሁለቱ እጆቼ አስያዘኝ። አንደኛው ላይ ትልቅ ዋት ተጽፎበታል፣ ሲይዙት ግን እንደ ባዶ ጣሳ ቀላል ነው። ሌላው ይከብዳል። «ላዩ ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። ይህ ዕቃ ሲበላሽ ብቻውን ላይሄድ ይችላል፣ ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ነው የሚሄደው» አለኝ። ከባዱን፣ ዋስትና ያለውን፣ ባለ 550 ዋቱን ያዝን። ማስረዳት ማለት እንዲህ ነው። ያኛው «አይገባዎትም» ያለኝን ይህኛው እጄ ላይ አስቀምጦ አስረዳኝ።

ሲገጥመው ልጄን አጠገቡ አስቀመጠው። ራሙን ራሱ እንዲያስገባ ሰጠው። «መጀመሪያ የኬዙን ብረት ንካ፣ ሰውነትህ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው» አለው። «ቀጭ ሲል እስክትሰማ ተጫን።» ልጄ ተጫነ፣ ቀጭ አለ፣ ፊቱ በራ። እዚያው አስነስቶ፣ ጌም ከፍቶ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አስጫወተው። ሙቀቱን አየ፣ ጽፎ ሰጠን። የዕቃዎቹን ካርቶንና ደረሰኝ ሁሉ በፌስታል አሰረልን፤ ዋስትና ሲጠየቅ ያስፈልጋል፣ አትጣሉት አለ።

ማታ ቤት ስንደርስ ግን ሌላ ፈተና መጣ። ስናበራው ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ልቤ ቀጥ አለ። ያ ስልክ የማያነሳው ሰውዬ ትዝ አለኝ። መሽቶ ነበር፣ እየፈራሁ ደወልኩ። ወዲያው አነሳ። «አይደንግጡ እናቴ፣ መንገድ ላይ ራሙ ተነቃንቆ ይሆናል፣ ስልኩን ለልጁ ይስጡት» አለኝ። ልጄም እንደነገረው ኮምፒውተሩን አጠፋ፣ ገመዱን ነቀለ፣ ብረቱን ነካ፣ ራሙን አውጥቶ መለሰው። ቀጭ አለ። ሲበራ ስክሪኑ መጣ። እሱ ግን ስልኩን አልዘጋም። ጌሙ እስኪከፈት ድረስ ከልጄ ጋር ሲያወራ ቆየ። በማግሥቱም ራሱ ደውሎ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀን። ለዚህ ልክፈልህ ስለው «ምን ሠራሁና? የሠራው ልጁ ነው» አለኝ። ልጄ ይህን ሲሰማ ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ። አሁን የሰፈር ጓደኞቹ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠሩት እሱን ነው። ከአባቱ ጋርም ወደ ድሮው ተመልሰዋል። ባለቤቴ ሌላው ቀርቶ ልጁ በሒሳብ እየተቸገረ መሆኑን የሰማው እየተጫወቱ ነው፤ እኔ እንኳን አላውቅም ነበር።

ይህ ሰው ዘመዴ አይደለም። ጻፊልኝም አላለኝም። የእኔ ዓይነት እናት ወይም አባት፣ ወይም ከኪሱ አጠራቅሞ ለራሱ የሚያሠራ ወጣት፣ እኛ የገባንበት እንዳይገባ ብዬ ነው። ስትሄዱ የስክሪናችሁን ፎቶ ያዙ። የምትጫወቱትን ጌም ስም ጻፉ። ቤት ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ንገሩት፣ የሚሆን ካለ ያስቀረዋል። የያዛችሁትን ገንዘብ ሳታፍሩ በግልጽ ንገሩት። ትንሽ ነው ብሎ ፊቱን አያዞርባችሁም። የማይሆን ከሆነም «ትንሽ ቆዩ፣ አሁን አትግዙ» ይላችኋል እንጂ ያለ የሌለውን አይጭንባችሁም። የእህቴን ልጅ እንዲህ ብሎ መልሷታል። ላፕቶፗ ለምትጫወተው ጌም ይበቃል ብሎ፣ አጽድቶ ሰጥቷት፣ የጽዳቱን ብቻ ተቀብሎ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ ባለቤቴም ከዚያ ሆኖ አመስግኚልኝ ብሎኛል። እጅህ ይባረክ። ሥራህ ይስፋልህ። ልጄ ፈተናውን ሲጨርስ አጠገብህ ቁጭ ብሎ መማር እፈልጋለሁ ብሏል፤ ፈቃድህ ከሆነ ይዤው እመጣለሁ።