የ86 ሴንቲሜትሩ ጣጣ፦ የልጆች ልብስ ከጉምሩክ ሳስወጣ ያየሁት አገልግሎት

ለሦስት ሳምንት እረፍት ሀገር ቤት ገብቼ አንዱን ሳምንት ጉምሩክ ስመላለስ ጨረስኩት። እህቴ የልጆች ልብስ መሸጥ ልትጀምር ነው። እኔ ደግሞ ከመምጣቴ በፊት ስድስት ካርቶን በካርጎ ላኩላት። ዕቃው እጃችን እስኪገባ ሦስት ቦታ ተስተናግጃለሁ።

መጀመሪያ ካርጎው። ዕቃው በቀኑ ደርሷል፣ አንድም ካርቶን አልተቀደደም። ግን ፓኪንግ ሊስቱ (የዕቃው ዝርዝር) ላይ የጻፉት «የልጆች ልብስ፣ 6 ካርቶን» ብቻ ነው። ይህ ለጉምሩክ ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። ሹራብ ነው የተሸመነ? ጥጥ ነው ፖሊስተር? የለባሹ ልጅ ቁመትስ? እነዚህ ካልታወቁ የታሪፍ ቁጥር፣ ማለትም ዕቃው ለቀረጥ የሚመደብበት ቁጥር፣ አይገኝም። እኔም ሳልጠይቃቸው ዝም ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ስለዚህ ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻቸዋለሁ።

ቀጥሎ ትራንዚተሩ፣ የጉምሩኩን ጉዳይ የሚያስፈጽምልኝ ሰው። ስልክ ወዲያው ያነሳል፣ ጨዋታም ያውቃል። ስድስቱንም ካርቶን በአንድ መስመር «የሕፃናት ልብስ፣ 6111» ብሎ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) ሞላ። ውስጡ የሰባት ዓመት ልጅ ሱሪ ሁሉ አለ እኮ! ስጠይቀው «ያው ልጆች አይደሉ?» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ፍተሻ ላይ ጉዱ ፈላ። ፈታሿ ካርቶኑን ከፍታ ልብሶቹን እያገላበጠች «ይሄ ሁሉ ሕፃን አይደለም፤ ሕፃን የሚባለው እስከ 86 ሴንቲሜትር ነው» አለች። ትራንዚተሩ ሊረታ ነው መሰለኝ ከኪሱ ሜትር መዘዘ። አንዷን ቀሚስ ከትከሻዋ እስከ ጫፏ ለካት። 52 ሴንቲሜትር። «ይኸው፣ ከ86 በታች ናት!» ፈታሿ ሳቋ አመለጣት። «የልጅቷ ቁመት ነው እንጂ የቀሚሷ አይደለም!»

እንደ እሷ የሚያስረዳ ሰው ቢሮ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ሰነዱን ወደኔ አዙራ አሳየችኝ። በታሪፉ መጽሐፍ ምዕራፍ 61 ሹራብ ነው፣ ምዕራፍ 62 የተሸመነ። እኔ ሹራብ ሲባል የሚታየኝ የብርዱ ወፍራም ነገር ነበር። በጉምሩክ ግን ክሩ በቀለበት በቀለበት ከተያያዘ ስሱ ቲሸርትም ሹራብ ነው። ቁመቱ ከ86 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ልጅ ልብስ ሹራብ ከሆነ 6111፣ የተሸመነ ከሆነ 6209 ይገባል። ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። የአውሮፓ ልብስ ላይ 80፣ 86፣ 92 የሚለው የልጁ ቁመት ስለሆነ እሱን መለየት ቀላል ነበር። ያስቸገሩን ወር ብቻ የተጻፈባቸው ናቸው። የአምራቹን የመጠን ሠንጠረዥ ከስልኬ ላይ አውጥቼ አሳየኋት፣ ተቀበለችኝ።

ከ92 ጀምሮ ያለው ተበታተነ። የሹራብ ቲሸርት 6109 ገባ። የተሸመነ የወንድ ልጅ ሱሪ 6203፣ የሴት ልጅ ቀሚስ ደግሞ 6204። ከፊት ለፊቱ የሚዘጋ ልብስ ግራው በቀኙ ላይ ከተደረበ የወንድ ነው፣ ቀኙ በግራው ላይ ከሆነ የሴት። የማን እንደሆነ መለየት ካልተቻለ ወደ ሴቶቹ ይመደባል። ሕፃናቱ ጋ ግን ወንድ ሴት የሚባል ነገር የለም። ኮፍያ ምዕራፍ 65፣ ጫማ ምዕራፍ 64 ሄደ። ሶል የሌላት የሕፃን የሹራብ ጫማ ግን እዚያው 6111 ቀረች። ይቺን ስሰማ እኔም ሳቅሁ።

አንድ ቱታ ላይ 50 በመቶ ጥጥ፣ 50 በመቶ ፖሊስተር ይላል። በክብደት የሚበልጠው ነው የሚወስነው፤ እኩል ሲሆኑ በታሪፉ መጽሐፍ በቁጥር ኋላ የሚመጣው ያሸንፋል። ጥጥ ምዕራፍ 52 ነው፣ ፖሊስተር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ቱታዋ ፖሊስተር ሆነች።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ይህ ሁሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ሐሳብ አለመሆኑ ገባኝ። የዕቃ አመዳደብ ሥርዓቱ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይሠራበታል። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በሚጠቀሙበት አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚጨመሩት አኃዞችና የቀረጡ ልክ የየሀገሩ ነው። ለካ ካርጎው እዚያው ስድስቱን አኃዝ ሞልቶ መላክ ይችል ነበር!

አዲሱ ዲክላራሲዮን በ19 መስመር ተሞላ። ለፈታሿ አምስት ኮከብ፤ ስድስተኛ ቢኖር እጨምርላት ነበር። ትራንዚተሩ ዕቃው ከወጣ በኋላ ደውሎ «የእርማት ሒሳብ አለብህ» አለኝ። አልከፈልኩም። ለእሱ አንድ ኮከብ፣ እሱም ለሜትሩ ነው።