«ምን ተሰማህ?» ብላ ሳታስጨንቀኝ ለረዳችኝ ባለሙያ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ አንዲት የአርት ቴራፒ (በስዕል፣ በቀለምና በሸክላ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው። እግረ መንገዴንም በአደባባይ ላመስግናት። አማርኛ ባታነብም ልጄ ተርጉማ ትልክላታለች።

መጀመሪያ የእኔን ነገር ልንገራችሁ። ይክፋኝ፣ ልፍራ፣ ልናደድ ለይቼ አላውቅም ነበር። የሆነ ነገር እንዳለ ይገባኛል። ደረቴን ይጨንቀኛል፣ መንጋጋዬ ይጠብቃል፣ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል። «ምን ሆነሃል?» ስባል ግን መልሴ «ምንም» ነው። ዋሽቼ አይደለም፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው። የአባቴ መርዶ የመጣ ጊዜ ወንበር ሳመላልስና ቡና ሳቀርብ ዋልኩ። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «እሱስ ጠንካራ ነው» አለ። የሰጋችው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። ከዚያ በኋላ የደረቴ ሕመም ባሰ። የልብ ምርመራው ሁሉ ደህና ሆነ። በመጨረሻ ሐኪሜ ወደዚህች ባለሙያ ላከኝ።

መጀመሪያ 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አስሞላችኝ። ነገሩ አሌክሲታይሚያ ይባላል፣ የራስን ስሜት ለይቶ ለማወቅና በቃል ለመግለጽ መቸገር ማለት ነው አለችኝ። ስያሜውን በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ቦስተን ይሠራ የነበረው ትውልደ ግሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ፒተር ሲፍኒዮስ ነው። ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ አይመዘገብም። ከ10 ሰው በአንዱ ገደማ ላይ ይታያል፤ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ላይ። ይህን ስሰማ ቀለል አለኝ። ለካ ስሜት የሌለኝ ሰው አይደለሁም። ስሜቱ ይመጣል፣ በሰውነቴ በኩል ይመጣል፣ እኔ ነኝ የማልለየው።

ስዕል አልችልም አልኳት። መቻል አያስፈልግም አለችኝ። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የሰው ቅርጽ ብቻ የተሠመረበት ትልቅ ወረቀት ዘረጋችልኝ። «አሁን ሰውነትህ ላይ ያለውን በቀለም አሳየኝ፤ ምንም የሌለበትን ባዶ ተወው» አለች። ቀይ የዘይት ፓስቴል አነሳሁና መንጋጋው ላይ ማስመር ጀመርኩ። እየደጋገምኩ፣ እየተጫንኩ ሳሰምር ፓስቴሉ ለሁለት ተሰበረ።

ቀይ ማለት ንዴት ነው ብላ አልተረጎመችልኝም። በዚህ በጣም ነው የማከብራት። ይልቅ «ስታሰምር ክንድህ ምን ሆነ?» አለችኝ። ጠብቆ ነበር። «እንዲህ የሚጠብቀው ሌላ መቼ ነው?» አለች። ልጄ ማታ መኪና ይዛ ስትዘገይ አልኳት። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። አላጣደፈችኝም። ወረቀቱን እያየሁ ቆየሁና «ፈርቼ ይሆናል» አልኩ። ልጄ ስትገባ የምጮህባት ተናድጄ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት።

ሥራዋ ዝም ብሎ ቀለም ማቀበል አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን የምትሰጠኝ ፓስቴል፣ እርሳስና ከመጽሔት የተቆረጡ ምስሎች ነበሩ። የውሃ ቀለምና ሸክላ የመጡት ቆይተው ነው። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ እርሳስ ለእጅ ይታዘዛል፣ የውሃ ቀለም ግን በራሱ ይፈሳል፣ ሸክላም መላ አካልን ይዞ ይገባል፤ ያልተዘጋጀ ሰው ላይ ብዙ ነገር ባንዴ ሊቀሰቅስ ይችላል አለችኝ። ከሱቅ የሚገዛ የማቅለሚያ ደብተር ጥሩ መዝናኛ ነው። ይህን ግን አይተካም። ለአባቴ ያለቀስኩት ሸክላ እየጨመቅኩ ነው። ስለ እሱ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

እንግሊዝኛው ሲያጥረኝ በአማርኛ እንድናገር ትተወኛለች። ስዕሉ ፊታችን ስላለ እየጠቆምኩ እንግባባለን። ወሬ ይወጣል ብላችሁ ለምትሰጉ ደግሞ፣ የነገሯትን ምስጢር መጠበቅ የሕግ ግዴታዋ ነው። ስዕሎቼም ተቆልፎባቸው ነው የሚቀመጡት።

አሁን ቤቴ ውስጥ ምን ተለወጠ? ባለፈው ልጄ አምሽታ ስትገባ አልጮህኩም። «ፈርቼ ነበር፣ ደውይልኝ» አልኳት። ደንግጣ አየችኝና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የደረቴ ነገር ጨርሶ አልጠፋም፤ ሲመጣ ግን ምን ይዞ እንደመጣ አብዛኛውን ጊዜ አውቃለሁ። ባለቤቴም «ምንም» የሚለው መልሴ እየቀነሰ ነው ትላለች።

ወደ ሌላ ባለሙያ ብትሄዱም አንድ ነገር አጣሩ። ሜሪላንድ ውስጥ የአርት ቴራፒስቶች የስቴት ፈቃድ አላቸው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ ኤልሲፒኤቲ (LCPAT) ይባላል። የሰውየውን ፈቃድ ፈቃዱን በሚሰጠው የስቴቱ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል። ስዕል ማስተማርና ማከም ለየቅል ነው። ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነም ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ የእኔ የሚከፍለው በከፊል ነው። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ለዚሁ በተዘጋጀው የአሜሪካ የእርዳታ ስልክ፣ 988 ላይ፣ አሁኑኑ ይደውል።

በተለይ ወንድሞቼ፣ «እሱ ዝምተኛ ነው» እየተባላችሁ የኖራችሁ፣ ሐኪም ምንም አላገኘብህም የተባላችሁ፣ ሞክሯት። እናቶችም የማይናገር ልጅ ካላችሁ ጠይቋት፤ ልጆችንም ታያለች።

እህቴ፣ ስለ ትዕግሥትሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀን ሥራ ላይ ስለምሆን የምመልሰው ማታ ነው።