አራት ነጥቡን ማን ይንገርልን? የፋየርፎክስና የሊብሬኦፊስ ብልሽት ማሳወቂያ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከምጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ብልሽትን ለሠሪዎቹ በማሳወቅ በኩል የወደድኳቸው ሁለት ናቸው፦ የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻው ፋየርፎክስና የጽሑፍ መጻፊያው ሊብሬኦፊስ።

ፋየርፎክስ ድንገት ሲዘጋ ሪፖርቱ ይላክ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አንዴ መጫን ነው፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል። ደንበኛ የባንክ ገጽ ከፍቶ ከነበረ የገጹ አድራሻ አብሮ እንዳይሄድ፣ አድራሻው ይካተት ከሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን አንሱት። ደግነቱ ዳታ ቢያልቅም ያልተላከው ይቀመጣል፣ በኋላ ይላካል። (መብራት ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቷል፤ ማን ለማን ሪፖርት ያደርጋል!)

ችግሩ አውቶማቲኩ አፉን የሚከፍተው ፕሮግራሙ ሲወድቅ ብቻ መሆኑ ነው። የኔ የዘወትር ጣጣ ሌላ ነው። ስሙ ይቅርና አንድ የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም አራት ነጥቡን ከቃሉ ነጥሎ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ይጥልብኛል። ፕሮግራሙ በራሱ ዓይን ጤነኛ ነው። የኪራይ ውል ሊያስጽፉ የመጡ አዛውንት ግን «ልጄ፣ ይሄ ነጥብ ምነው ብቻውን ቆመ?» አሉኝ። ማሽኑ ያላየውን ጋሼ አዩት።

የማይክሮሶፍቱ ስቲቭ ባልመር እ.ኤ.አ. በ2002 ለደንበኞች በጻፈው ደብዳቤ ከፕሮግራም ስህተቶች 1 በመቶ የሚሆኑት የብልሽቱን ግማሽ እንደሚያመጡ ገልጾ ነበር። አውቶማቲክ ሪፖርት ለዚህ ለዚህ አንደኛ ነው፤ የብዙ ሰው ችግር ቶሎ ይለያል። የአማርኛ አራት ነጥብ በዚያ ቆጠራ መቼ ተራ ሊደርሰው!

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ችግር በእጅ፣ ማለትም ራሳችን ጽፈን ማሳወቅ ግድ ነው። ሊብሬኦፊስ ከእርዳታ ዝርዝሩ ተነስቶ በግዚላ ወደሚባለው የብልሽት መዝገቡ ይወስዳችኋል። አካውንት መክፈቱና በእንግሊዝኛ መጻፉ ያሰለቻል፣ አልዋሽም። ጥያቄዎቹ ግን ተገቢ ናቸው፦ ቨርዥኑ ስንት ነው፣ በቅደም ተከተል ምን አደረጋችሁ፣ ምን ጠበቃችሁ፣ ምን ሆነ። ናሙና ፋይል ማያያዝም ይቻላል። መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለሆነ የደንበኛ ውል ከነስሙና ከነመታወቂያ ቁጥሩ እንዳትሰቅሉ! «አበበ በሶ በላ»ን ደጋግማችሁ ብልሽቱ እስኪታይ ጻፉና እሱን ላኩ።

ሊብሬኦፊስ ራሱ ሲወድቅ ደግሞ እንደገና ስትከፍቱት ሪፖርት ልላክ ይላል፤ ከተላከ በኋላ ሊንክ ይሰጣል። መስኮቱን ቶሎ አትዝጉት። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ በእጅ የምትጽፉት ውስጥ ለጥፉት፣ ፕሮግራመሩ የማሽኑንም የእናንተንም ቃል ጎን ለጎን ያገኛል።