የተጠማዘዘ አንጀት፦ በቱቦ መፍታት ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ሲግሞይድ የሚባለው የትልቁ አንጀት ክፍል በራሱ ላይ ሲጠማዘዝ ሆድ ይነፋል፤ አየርም ሰገራም አይወጣም።

አንዱ መንገድ ካሜራ ያለው ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ መፍታት ነው። ሆድ አይከፈትም። አየሩ ሲወጣ ታካሚው እፎይ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካል። ከዚያ ለስላሳ ቱቦ ከ1 እስከ 3 ቀን እዚያው ይቆያል። ችግሩ መመለሱ ነው። በዚህ ብቻ ከታለፈ አንጀቱ ብዙዎቹ ላይ ዳግም ይጠማዘዛል። «ተሻለኝ» ብሎ ወደ ቤት መሄድ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ያንን ክፍል ቆርጦ ያወጣል፤ ችግሩን ከሥሩ ይነቅላል። ግን ማደንዘዣ አለው፣ ቁስል አለው። አንዳንዴም ሰገራ ለጊዜው ሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይወጣል።

አንጀቱ ደም አጥቶ ከሞተ ወይም ከተበሳ ግን ምርጫ የለም፤ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ነው። የማያቋርጥ ኃይለኛ ሕመም፣ ትኩሳትና የሆድ መጠንከር ይህን ያስጠረጥራሉ።

አንጀቱ ደህና ከሆነ እኔ ሁለቱንም በተራ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ይፈታ። ሰውነቱ ቀዶ ሕክምና የሚችል ታካሚ ደግሞ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ በቀናት ውስጥ ይቆረጥለት። የተጠማዘዘው የትልቁ አንጀት መነሻ፣ ሴከም፣ ከሆነ ግን ቱቦው እምብዛም አይሠራም፤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል።