ጉግል ስኮላር ወይስ የስድስት ኪሎው ቤተ መጻሕፍት?

የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያጠና ሰው ምንጭ ፍለጋ ሲነሣ ሁለት በሮች ይጠብቁታል፦ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጥናታዊ ጽሑፎች መፈለጊያ ጉግል ስኮላር እና በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት።

በፍጥነት ስኮላርን የሚያህል የለም። አንድ ጥሩ ጥናት ካገኙ፣ ከሥሩ ያለውን የጠቃሾች ቁጥር ሲጫኑ ያንን ሥራ ተመርኩዘው የጻፉ ሰዎች ይደረደሩልዎታል። የካርድ ካታሎግ ይህን አያውቅም።

ጣጣው የሚመጣው በስም ነው። ምኒልክን በላቲን ፊደል አንዱ «ሜኔሊክ»፣ ሌላው «ሚኒሊክ»፣ ሦስተኛው «ሜኒሌክ» አድርጎ ይጽፈዋል፤ በአንዱ ብቻ የፈለገ የሌሎቹን ሊያጣ ይችላል። በአማርኛ ልፈልግ ቢሉም መከራው አይቀርም፤ «ዐፄ»፣ «ዓጼ»፣ «አፄ»… ስንቱን ይሞክሩታል? ከዚያ ደግሞ ክፍያው አለ። ብዙ ጊዜ በነፃ የሚታየው የጥናቱ አኅጽሮት፣ ማለትም አጭር ማጠቃለያው ብቻ ነው፤ እሱን አንብቦ ሙሉውን እንዳነበበ የሚጠቅስ ሞልቷል። ስርቆት ነው ባልልም፣ ጎረቤቱ ይመስለኛል።

ስድስት ኪሎ ጊዜና እግር ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ተማሪ ደግሞ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ አለው። ነገር ግን የብራና መጻሕፍቱና የቆዩ የአማርኛ ጋዜጦች ያሉት እዚያ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም በየትኛውም ፊደል ቢጽፉት ምኒልክን አይስትም።

ለንድፈ ሐሳብና ለአዳዲስ ጥናቶች እኔ ከስኮላር እጀምራለሁ። ርእሱ ከአማርኛ ምንጭ ውጭ የማይቆም ከሆነ ግን በቀጥታ ስድስት ኪሎ፤ በጠዋት።